የዘለለችው በረራ

ፈሪ ሰው ቀድሞ ይደርሳል። ልብስ ሰፊዋ አውሮፕላኗ የሚነሳው በሰባት ሰዓት ሆኖ ሳለ እሷ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አየር ማረፊያው አዳራሽ ውስጥ ቆማለች። አንድ እጇ የሻንጣዋን እጀታ ይዟል፤ ሌላው ደረቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ቦርሳ እንደ ሕፃን አቅፏል። ቦርሳው ውስጥ ፓስፖርቷ፣ ወንድሟ በስልክ ልኮላት ሰፈሯ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ያተመላት የትኬት ወረቀትና አንድ የሐኪም ቤት ፖስታ አሉ። በየአምስት ደቂቃው ዚፑን ትከፍትና ሦስቱንም በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ መልሳ ትዘጋለች።

የምትሄደው አንድ ኩላሊቷን ለወንድሟ ልትሰጥ ነው። ወንድሟ በሌላ አገር የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ቤተሰቡ ከልጅነቱ ጀምሮ ድንቡሼ ነው የሚለው፤ ዛሬ ሰውነቱ አልቆ አጥንቱ ቢቀርም ስሙ ግን አልከሳም። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ደሙ በማሽን የሚታጠብበት የክንዱ ደም ሥር ደግሞ እየተዘጋ ስለመጣ ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ መጠበቅ አይቻልም ብለዋል። ምርመራው ሁሉ ተደርጎ የእሷ ኩላሊት ተስማምቶታል። ቀዶ ጥገናው ዓርብ ጠዋት ነው፤ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ከዚህ ወደዚያ የሚሄደው ቀጣዩ አውሮፕላን ደግሞ ቅዳሜ ነው። ዛሬ ካልሄደች ዓርብ ቀረ ማለት ነው። ዓርብ ከቀረ ደግሞ የክንዱ ሥር እስከ ሌላ ቀጠሮ ይቆይ አይቆይ ዋስ የሚሆን ሐኪም አልተገኘም።

ይህን ሰምታችሁ ጀግና ናት እንዳትሉ። ቀኑን ሙሉ መርፌ ከእጇ የማይለይ ሴት፣ ለምርመራ ደም ሲቀዷት ዓይኗን ጨፍና የነርሷን ጋውን ጨምድዳ ይዛ ነበር። ውሻ ትፈራለች፣ አሳንሰር ትፈራለች፣ የሐኪም ነጭ ልብስ ስታይ አፏ ይደርቃል። ወንድሟ በስልክ እየተንተባተበ ሲጠይቃት «እሺ» ያለችው በአንድ ትንፋሽ ነው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ ድረስ አልተነሳችም። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ሙሉ ፍርሃት አብሯት ተኝቶ አብሯት ይነሳል።

ትኬቱ ላይ ለመሄጃ ሁለት በረራዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ከምትኖርበት ትንሽ ከተማ ጠዋት ተነስታ ወደዚህ ትልቅ ከተማ በምትመጣው ትንሽ አውሮፕላን ነው። ሁለተኛው ከዚህ ወደ ወንድሟ አገር የሚሄደው ትልቁ ነው። ትንሿን አውሮፕላን ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን በሜዳው አጥር በኩል ስታልፍ አይታታለች፤ ክንፏ ላይ ማራገቢያ የሚመስል ነገር እየተሽከረከረ፣ ነፋስ ሲገፋት እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደች ስትነሳ። «ትልቁንስ እችለዋለሁ፤ ቢላውንም እንደ ምንም እችለዋለሁ፤ እዚች ላይ ግን አልወጣም» አለች ለራሷ። ለወንድሟ ግን አልነገረችውም። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው፤ ከአንድ ቀን በፊት በአውቶቡስ ተሳፍራ መጥታ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ማደሪያ አደረች።

ይህን ስታደርግ አንዳችም ጥፋት የሠራች አልመሰላትም፤ ያደገችበትን ቤት ያየ አይፈርድባትም። አባቷ ሠላሳ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተዋል። በእሳቸው መኪና መናኸሪያ ላይ ሙሉ ሒሳብ የከፈለ ሰው «እኔ መገንጠያው ላይ እጠብቃችኋለሁ» ካለ፣ ረዳቱ ወንበሩ ላይ ኮፍያውን አስቀምጦ እስከ መገንጠያው ባዶውን ይወስደዋል። ቆሞ የሚሄድ መንገደኛ ቢለምን፣ ቢሳደብ፣ ወንበሩ አይነካም። «የተከፈለበት ወንበር የሰውየው ነው፤ ከየትም ይሳፈር» ይሉ ነበር አባቷ፤ በዚያ ቤት ይህ ቃል ከጸሎት ተራ የሚቆጠር ነበር። አውሮፕላኑስ የሰማይ አውቶቡስ አይደል? እንዲያውም እስከ መገንጠያው ድረስ ክብደቷን ስላቀለለችላቸው ቢያመሰግኗት እንጂ ምን ይሏታል?

አራት ሰዓት ላይ ካውንተሩ ተከፈተ። የተቀበለቻት ልጅ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ የያዘች፣ ፈገግታ የማትሰስት ናት። ፓስፖርቱን ተቀብላ ኮምፒዩተሩ ላይ መታ መታ አደረገች። ደግማ መታች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት በአውሮፕላን ነው የመጡት?»

«ትናንት ነው የመጣሁት፤ በአውቶቡስ።»

«የጠዋቱ በረራስ?»

«እሱን ተውኩት» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በልግስና ቃና። «ትልቁ ብቻ ይበቃኛል።»

የልጅቷ ፈገግታ ጠፍቶ ፊቷ ላይ ሐዘኔታ መጣ። ልብስ ሰፊዋን ያስደነገጣት ያ ሐዘኔታ ነው። ቁጣ ቢሆን ትመልስ ነበር፤ ሃያ ዓመት ከደንበኛ ጋር ተከራክራለች። የማያውቁት ሰው ሲያዝንልህ ግን ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ልጅቷ አንገቷን ወደ ኋላ መልሳ ኃላፊዋን ጠራች።

ኃላፊው መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ሃምሳውን ያለፈ ረጋ ያለ ሰው ነው። ኮምፒዩተሩን አየ፣ እሷን አየ፣ የትኬት ወረቀቷን ተቀብሎ ገለበጠው። ጀርባው ጉንዳን የሄደበት በሚመስል ጽሑፍ ተሞልቷል።

«ይህን አንብበውታል፣ እህቴ?»

«ጀርባውን? ማን ጀርባ ያነባል?»

መነጽሩን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ አነበበላት። «ተጓዡ በትኬቱ ላይ የተመዘገቡትን በረራዎች በቅደም ተከተላቸው መጠቀም ይኖርበታል። አስቀድሞ ሳያሳውቅ ከአንዱ በረራ የቀረ እንደሆነ ተከታዮቹ በረራዎች ይሰረዛሉ።»

«አልቀረሁም እኮ! ይኸው ፊትዎ ቆሜያለሁ!»

«እዚህ መጡ፤ እዚያ ግን ቀሩ። ለእኛ ሁለቱም አንድ ጉዞ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትንሿ አውሮፕላን እርስዎን ጥላ ስትነሳ መዝገቡ ‹አልመጡም› ብሎ ቀሪውንም ዘጋው። ወንበርዎንም ተራ ሲጠብቅ ለነበረ ሰው ሰጠነው።»

«የተከፈለበት ወንበር ነው! የሰው ወንበር እንዴት ለሰው ይሰጣል?»

«ትናንት ደውለው ‹ትንሿን ትቼ ከዚያ ነው የምነሳው› ቢሉን ኖሮ አስተካክለን እንጠብቅዎ ነበር» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ምንም ክፋት አልነበረም። «አንድ ስልክ ነው የጎደለው።»

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። ልብስ ሰፊዋ ካውንተሩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። አንድ ስልክ። ስልኩ እኮ ትናንት ቀኑን ሙሉ እጇ ላይ ነበር፤ አውቶቡሱ ውስጥ ወደ ማደሪያው ደጋግማ ስትደውልበት ነው የዋለችው። ኃላፊው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ በር አለ። ለሕክምና የሚሄድ ሰው የሐኪም ወረቀት ካቀረበ የተሰረዘውን ትኬት የመመለስ ሥልጣን አለኝ። ወረቀት አለዎት?»

እጇ ቦርሳዋ ላይ ነበር። ፖስታው በቆዳው በኩል ይዳሰሳታል።

«የለኝም» አለች።

ማን እንዳናገራት እሷም አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን ስድስት ወር ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሳላት፤ ትከሻዋ ወረደ፣ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ደረሰ። ቤቷ ታያት። የስፌት መኪናዋ፣ አልጋዋ፣ ነገ ማታ ሙሉ ሰውነቷን ይዛ የምትተኛበት ብርድ ልብስ ታያት። ቢላ የለም፣ ማደንዘዣ የለም፣ ሳይነቁ መቅረት የለም። ማንስ ይወቅሳታል? እሷ ሻንጣዋን ይዛ መጥታለች፤ የከለከላት የአየር መንገዱ ሕግ ነው። ኃላፊው «አዝናለሁ» ብሎ ወረቀቷን መለሰላት፤ ልብስ ሰፊዋም አመስግናው ሄደች። አዎ፣ አመስግናው!

ከግድግዳው ሥር ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠች። ያ እፎይታ ግን ብዙ አልቆየም። ከአውሮፕላኑም ከቢላውም የባሰ የሚያስፈራ ነገር አሁን ነው ያገኘችው፤ እሱም ራሷ ናት። የወንድሟን ነፍስ በአንዲት ቃል ሸጣ ደስ ያላት ሴት ውስጧ ስትኖር ኖራለች ማለት ነው። እናታቸው ስትሞት ፊቱን ያጠበችው፣ ደብተሩን የሸፈነችው፣ የመጀመሪያ ሱሪውን የሰፋችለት እሷ ናት፤ ይህችኛዋስ ከየት መጣች?

ስልኳ ጮኸ። ድንቡሼ ነው።

«እታለም፣ ገባሽ? ሻንጣሽን ተቀበሉሽ?»

«ከለከሉኝ» አለች። ከዚያ ትንሿን አውሮፕላን፣ አውቶቡሱን፣ የወረቀቱን ጀርባ እያጣደፈች ነገረችው። የሐኪሙን ወረቀት ግን አልነገረችውም። እስኪጮህባት፣ እስኪሰድባት ጠበቀች፤ ቢሰድባት ትወድ ነበር።

ድንቡሼ ግን ሳቀ። ቀጭን፣ ትንፋሽ ያጠረው ሳቅ። «እሷን ትንሿን? እኔም ስሄድባት እስክታርፍ ዓይኔን አልገለጥኩም እኮ! ተይው በቃ። እንዲያውም ተመስገን ነው።»

«ምኑ ነው ተመስገን?»

«ቀኑ ከተቆረጠ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በሕልሜም በእውኔም አንቺ ተኝተሽ ሳትነሺ ስትቀሪ ነው የማየው። ሐኪሞቹ ደግሞ በሌላኛው ክንድ ደህና ሥር አግኝተዋል። ማሽኑንም ለምጄዋለሁ፤ አያስቸኩልም። ቤትሽ ግቢ፣ እታለም። ወላሂ አልቀየምሽም።»

«እውነት ሌላ ሥር አገኙ?»

«አገኙ።»

ፈጠን ብሎ ነው የመለሰው፤ ልክ እሷ «የለኝም» ስትል እንደፈጠነችው። ከበስተጀርባው የሚስቱ ድምፅ መጣ፤ እያለቀሰች «ለምን ትዋሻታለህ? ትናንት ያሉህን ለምን አትነግራትም?» ትላለች። ድንቡሼ ስልኩን በእጁ አፍኖ አንድ ነገር ተናገራትና «በቃ ደህና ግቢ» ብሎ ዘጋው።

ልብስ ሰፊዋ የጨለመውን የስልኳን መስታወት እያየች ቆየች። ሁለቱም በአንድ ጠዋት ዋሽተዋል። እሷ የዋሸችው ራሷን ለማትረፍ ነው፤ እሱ የዋሸው እሷን ለማትረፍ ነው። ሊሞት የደረሰ ሰው እየፈራ፣ የእሷን ፍርሃት ግን ሊሸከምላት ይሞክራል። ዓይኗ በእንባ ተሞላ፤ አዳራሹ ሁሉ ደበዘዘባት። ሻንጣዋን እዚያው ትታ ተነሳች፣ ትዝ ሲላት ተመልሳ ይዛው ሮጠች።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የተሰለፈውን ሰው ሁሉ አልፋ ፖስታውን ካውንተሩ ላይ አኖረችው።

«ወረቀት አለኝ።»

ኃላፊው ቀና አለ። «ቅድም የለኝም ብለውኝ ነበር።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ለምን?»

«ፈርቼ ነዋ!» ብላ ጮኸች፤ የተሰለፈው ሰው በሙሉ ዞረ። «ፈርቼ ነው፤ አሁንም እየፈራሁ ነው! ያንብቡትና ቶሎ ይላኩኝ፤ እኔ ሐሳቤን ሳልቀይር!»

ሰውየው መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን አነበበ። ደግሞ አነበበው። ሲጨርስ ኮምፒዩተሩ ፊት ራሱ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ «ትኬቱን መልሻለሁ» አለ። «ወንበር ግን የለኝም፤ አውሮፕላኑ ሞልቷል። ከተጠባባቂዎች አንደኛ አድርጌዎታለሁ። ካውንተሩ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ወንበር ከያዙት አንድ ሰው ከቀረ ይገባሉ።»

«ሁሉም ከመጡስ?»

«ያልደረሱት አራት ናቸው» አለ ብቻ።

እንግዲህ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል የሰማ ሁሉ፣ ሰው እንዲህ የፈራውን ነገር እንዳይቀርበት የሚፈራበት ቀን እንዳለም ይወቅ። ከካውንተሩ ጎን ቆማ የአዳራሹን በር ታያለች። በሩ ሲከፈት ልቧ ይሰቀላል፤ የገባው ሰው ወደ ሌላ መስመር ሲሄድ ትንሽ ይወርዳል። ልትጸልይ ፈለገች፤ ግን ምን ብላ? አንዱ መንገደኛ ይቅር ብላ? መንገዱ ይዘጋጋ ብላ? የሹፌር ልጅ ሆና የማታውቀው መንገደኛ መኪና ጎማ እንዲፈነዳ ስትመኝ ራሷን ያዘችውና በእጇ አፏን ሸፈነች።

አንድ ሽማግሌና ሚስታቸው ገቡ፤ ወደዚሁ መጡ። ሁለት ቀሩ። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጎረምሳ እያፏጨ ደረሰ፤ ምንም ሳይቸኩል፣ አገር ሰላም ብሎ። በሕይወቷ ሰው እንደዚያ ጠልታ አታውቅም። አንድ ቀረ። አምስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ሲሆን በሩን ማየት አልቻለችም፤ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዓርብ ጠዋት አንድ ሰው ብቻ የተኛበት፣ ሌላው ባዶ የሆነ ሁለት አልጋ ታያት።

«እትዬ» አለች ልጅቷ።

ስድስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ሆኗል። ካውንተሩ ላይ የመዝጊያው ምልክት ቆሟል። ሻንጣዋን መዘኑት፣ በቀበቶው ላይ ሄደላት፤ ኃላፊው የመሳፈሪያ ካርዱን ራሱ አምጥቶ በእጇ አስያዛት። «ሲመለሱም እንዲሁ ሁለት በረራ ነው ያለዎት» አለ። «ትንሿን ከፈሯት ይደውሉልን።» ልትስቅ ሞክራ አቃታት።

አሥር እርምጃ ያህል እንደሄደች የአዳራሹ በር ተበርግዶ አንዲት ሴት እየሮጠች ገባች። ከእሷ ትንሽ ብታንስ ነው፤ የሻንጣዋ አንድ ጎማ ተሰብሮ ወለሉን ይፍቃል፤ አንድ እጇ ላይ የተጨማደደ ፖስታ ይዛለች። «ደርሻለሁ! ደርሻለሁ!» እያለች ካውንተሩ ላይ ወደቀች።

«ተዘግቷል፣ እትዬ» አለች ልጅቷ።

«አራት ደቂቃ እኮ ናት! ስለ ፈጠራችሁ! ወንበሬን ለማን ሰጣችሁት?»

ልጅቷም ኃላፊውም ወደ ልብስ ሰፊዋ አላዩም። እንዳያዩ እየተጠነቀቁ እንደሆነ ግን ታውቋታል። ሴትዮዋ የያዘችው ፖስታ ውስጥ ምን እንዳለ ልብስ ሰፊዋ አላወቀችም። የሚታመም ሰው ይሁን፣ የሚቀበር ሰው ይሁን፣ ፍርድ ቤት ይሁን፣ ሥራ ይሁን፣ የምታውቀው ነገር የለም። የምታውቀው የሴትዮዋን ልቅሶ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣላት። ካርዱን መልሺላት፤ የያዝሽው የእሷን ወንበር ነው፤ ጽድቅ ነው፤ ወንድምሽም ቢሆን ቤትሽ ግቢ ብሎሻል። ሐሳቡ ሲመጣ ትከሻዋ ዝቅ፣ ትንፋሿም ቀለል አለላት። በዚህ ነው ያወቀችው። ቅድም «የለኝም» ስትል ያረፈችው እረፍት ነው፤ ያው ፍርሃት ነው፣ አሁን ደግነት ለብሶ መጣ እንጂ። ልብስ ስትሰፋ ለኖረች ሴት ልብስ ለውጦ የመጣን ማወቅ አያቅታትም።

«ይቅር በይኝ» አለች። ድምፅ አልነበረውም፤ ሴትዮዋም አልሰማቻትም። እዚያ ካውንተር ላይ ያለው ልቅሶ ከኋላዋ እየተከተላት ወደ ፍተሻው ሄደች። ቦርሳዋን ማሽኑ ላይ አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እየተንቀጠቀጠችና እያለቀሰች አለፈች።